ስኳሩ ለምን አሸዋ ሆነብኝ? የማንጎ ካራሜል ጉዳይ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው የምኖረው። ባለፈው እሑድ የባለቤቴ አክስት ከደብረ ታቦር መጥተው ነበርና፣ ከምሳ በኋላ ለየት ያለ ጣፋጭ ላቅምሳቸው ብዬ ተነሣሁ። ሆቴል ቤት ክሬም ካራሜል ላይ የሚፈሰውን ቡናማና የሚያብረቀርቅ ስኳር አስቡት፤ እሱን በማንጎ መሥራት ነበር ሐሳቤ። አራት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የቡና ሲኒ ውኃ፣ የብረት መጥበሻ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሁለት የበሰለ ማንጎ። ስኳሩ ሟሟ፣ ተንተከተከ፣ እሰየው አልኩ። ከዚያ ድንገት ነጣ። ዓይኔ እያየ ተመልሶ ስኳር ሆነ፤ ያውም ማማሰያው ላይ የተጋገረ እርጥብ አሸዋ። ማንጎውን ስጨምርበት ደግሞ ውኃ ለቀቀና አሸዋ ያለበት ጭማቂ ሆኖ ቀረ። እትዬ ሁለት ማንኪያ ቀምሰው፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ብለው ወደ ረከቦቱ ዞሩ። ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ጥፋቱ የስኳሩ ነው፣ የማንጎው ነው፣ የምድጃው ነው ወይስ የእኔ?

* * *

ከላይ ያለውን ከለጠፍኩ ሁለት ሳምንት አለፈው፤ መልሱም 31 ደርሷል። አዲስ የሚገባው ሰው ከላይ ማንበብ እየሰለቸው የተመለሰውን ደግሞ ይጠይቃል። ጠያቂዋ እኔ ነኝና የተባለውን በየቁጥሩ እተርክላችኋለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፣ በራሴ አነጋገር ነው፤ ያሳጠርኩበት ሰው ካለ አይቀየመኝ።

ቁጥር 1 አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ደረሰና ጥፋቱን በሙሉ በስኳሩ ላይ ጫነው። እሱ እንደሚለው በራሽን የሚመጣው ስኳር እርጥበት ስላለው ለእንዲህ ዓይነት ሥራ አይሆንም። ቁጥር 2 ተስማማና ወዲያው ወደ ዋጋው ገባ። አገዳው ጃዊ ላይ፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ እየበቀለ እኛ ለአንድ ኪሎ መሰለፋችን እንደሚያንገበግበው ጻፈ። እውነቱን ነው፤ የእኔ መጥበሻ ግን ከዚህ ምንም አልተጠቀመም።

ነገሩን ወደ ቦታው የመለሰው ቁጥር 3 ነው። ሁለቱን በትሕትና አርሞ፣ ስኳሩ እርጥብ ቢሆንስ እኔው ራሴ ውኃ ጨምሬበት የለ ወይ ብሎ ጀመረ። ከዚያ እንዲህ አስረዳ። ውኃው እየተነነ ሲሄድ ስኳሩ ተጨናንቆ ይቀራል፤ ተመልሶ ለመጠጠር ሰበብ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሰበቡን የሚሰጠው አማሳዩ ነው። መጥበሻው ጠርዝ ላይ የተፈናጠረው ሽሮፕ ደርቆ ቅንጣት ይሠራል፤ ማማሰያው አንዷን ነክቶ ከጣላት ሌላው በእሷ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ሁሉም ይጠጥራል። ማር ዕቃው ውስጥ ሲረጋም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም አለ። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ ታማስይ ነበር?

ቁጥር 4 እኔው ነኝ። ያለ ዕረፍት ሳማስል እንደነበር አመንኩ።

ቁጥር 5 ጎንደር ያሉ እናት ናቸው። እታለም ብለው ጀመሩና ሳቁብኝ። ሽንኩርት እያቁላላ ያደገ እጅ ስኳር ላይ ዝም በል ቢሉት አይሰማም ነው ነገራቸው። እሳቸው ራሳቸው ልጃቸው ጣፋጭ ስትሠራ አጠገቧ ቆመው፣ እንዳይዝ ብለው ማንኪያ ሰደው ሁለት ጊዜ አበላሽተውባታል። ሦስተኛው ላይ ልጅቱ ከማዕድ ቤት አስወጣቻቸው። ይህን ሳነብ የራሴን እጅ አየሁት። ወጥ ካላማሰሉት ያርራል፣ ሽሮ ካላማሰሉት ይጓጉላል፣ ገንፎማ በግድ ነው። እሳት ላይ ያለን ነገር ሳይነኩ ማየት ከእኛ ቤት ልማድ የለም። መጀመሪያ ያልጠረጠርኩትም ለዚህ ነው፤ ማማሰሌን እንደ ሥራ እንኳ አልቆጠርኩትም ነበር።

ቁጥር 6 ፖሊ የሚማር ልጅ ይመስለኛል። ጥፋቱ የከተማችን ከፍታ ነው አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ ስኳሩ የሚገባውን ሙቀት አያገኝም የሚል ስሌት ይዞ መጣ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ መደምደሚያው ግን አይደለም። ቁጥር 7 ይህን ለመናገር ለስላሳ ቃል አልፈለገም። ከፍታው ባቄላ ሲቀቅሉ ያስቸግር ይሆናል፤ ካራሜል ግን ውኃው ተንኖ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፣ ስኳሩ ብቻውን ወደ 160 ዲግሪ ሲጠጋ መጥቆር የሚጀምረውም አዲስ አበባም ሆነ ጅቡቲ ያው ነው ብሎ፣ ሳይገባችሁ አትጻፉ ጨመረበት። ቁጥር 8 ስድብ አያስፈልግም አለ። ቁጥር 9 ላይ ልጁ ተመለሰ። የውጭ አገር የከረሜላ አሠራር ላይ ለከፍታ ዲግሪ ቀንሱ የሚል ማስታወሻ ማየቱን እያነሣ ተከራከረ። ቁጥር 7 በቁጥር 10 ግማሹን ለቀቀለት፦ ሽሮፑ ውስጥ ገና ውኃ ሳለ በቴርሞሜትር የሚለካ ለስላሳ ከረሜላ የሚሠራ ሰው እዚህ ከተማ በእርግጥም ስድስት ዲግሪ ያህል መቀነስ አለበት፤ በቀለም የሚሠራ ግን ከፍታውን ይርሳው። ሁለቱም አመስግነው ተለያዩ። እንዲህ የሚያልቅ ጠብ ብርቅ ስለሆነ ነው ሙሉውን የተረክሁት።

ከሁሉ የጠቀመኝ ቁጥር 11 ነው። ሆቴል ማዕድ ቤት ብዙ ዓመት የሠሩ ሰው ናቸው። ውኃውን ተዪው ብለው ጀመሩ። ስኳሩን ደረቁን መጥበሻው ላይ ስስ አድርጎ መበተን፣ እሳቱን መካከለኛ ማድረግ፣ ከዚያ እጅን መሰብሰብ። ጠርዙ መቅለጥ ሲጀምር መጥበሻውን በእጀታው ይዞ ማዘንበል እንጂ ማንኪያ የለም። የኤሌክትሪክ ምድጃ ጥምዝምዙ ያለበትን ብቻ ስለሚያቃጥል መጥበሻውን በየጊዜው ማዞር ያስፈልጋል፤ ደግሞም ቢያጠፉት ቶሎ አይበርድምና፣ በቃ ያሉ ለት መጥበሻውን ከላዩ ማንሣት እንጂ ማብሪያውን መዝጋት አያድንም። ይህችን የመጨረሻዋን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ቀለሙን የገለጹበት መንገድ ደግሞ ከእኔ ጋር ይኖራል። መጀመሪያ ብርዝ ይመስላል፣ ገና ነው። ቀጥሎ ጠጅ ይሆናል፤ እዚህ ያቆመ ሰው ጣፋጭ ብቻ ያገኛል። ቀይ ሻይ ሲመስልና ሽታው ከስኳርነት ወደ ሌላ ነገር ሲዞር ፍሬው ይግባ። ጠላ ከመሰለ መራራ ነው። ቡና ከመሰለ መስኮት መክፈት ነው። ከጠጅ እስከ ቀይ ሻይ አንድ ደቂቃ ላይሞላ ስለሚችል ስልክ ቢጮህም አይነሣም። ፍሬው ሲገባ ስኳሩ በቅዝቃዜው ደንግጦ ድንጋይ ይሆናል፤ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው፣ ተበላሸ ብሎ ይደፋዋል። እሳቱን ዝቅ አድርጎ ሁለት ደቂቃ ቢታገሡት ራሱ ተመልሶ ይቀልጣል። አንድ ማንኪያ ቅቤና ትንሽ ሎሚ በመጨረሻ። ለሦስት ሙዝ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ይበቃል፤ ከተነሡ እስከ ገበታ አሥር ደቂቃ ነው። በስኳሩ ፋንታ የጎጃም ማር ይሆናል ወይ ብሎ አንድ ሰው ጠይቋቸው፣ ማር ውስጥ የበዛው ፍሩክቶስ 110 ዲግሪ አካባቢ መጥቆር ስለሚጀምር ቶሎ ያርራል፣ ማሩን ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ አፍሱበት አሉ።

ቁጥር 12 ማንጎውን ወቀሰ፤ ልክ ነበር። እጅ ላይ የሚፈርስ የበሰለ ማንጎ መጥበሻ ውስጥ ጭማቂ ነው የሚሆነው። ጠንከር ያለውን መርጦ፣ ከትፎ ሳይሆን ወፍራም አድርጎ ቆርጦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ። ቁጥር 13 የአበሻ ማንጎ ክሩ ጥርስ ውስጥ ስለሚገባ ኬንት ወይም አፕል የሚባለውን የማንጎ ዓይነት ትከሉ አለ። ቁጥር 14 በዚህ ተበሳጩ። ጓሯቸው ያለው ዛፍ ከእሳቸው ዕድሜ ይበልጣል፤ ለክር ብለው አይቆርጡትም። አሁንስ ዛፉን የጨረሰው ክሩ ሳይሆን ቅጠሉን ዱቄት የነሰነሱበት የሚያስመስለው ነጭ ተባይ ነው ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ወለጋ ላይ ታየ ከተባለ ጀምሮ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ረጅም ጻፉ። ከርዕሱ ወጥተው ነበር፣ ግን ማንም አልከለከላቸውም፤ ዛፉን እየተሰናበቱ የሚጽፉ ይመስሉ ነበር። ተባዩ ልጣጩ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ይተዋል እንጂ ሥጋውን አያበላሽም፣ ልጣችሁ ብሉ አሉ በመጨረሻ።

ቁጥር 15 እና 16 ሙዝ ይሻላል ብለው ከአርባ ምንጭ የሚመጣው ሙዝ በላምባ ጭስ ስለሚበስል ሽታ አለው የለውም ላይ ተነታረኩ። ጭሱ ሙዝን የሚያበስል ጋዝ ስላለው እንደሚጠቀሙበት እውነት ነው። እኔ ሽቶኝ አያውቅም፤ ጠቃጠቆ ያልጀመረውን ምረጡ የሚለውን ግን ያዙልኝ።

ቁጥር 17 የዘጌ ልጅ ነው፤ ሎሚ ሲነሣ ዝም ማለት አልቻለም። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ቆርጠው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ የሚለውን የአገሩን ትውፊት ተረከልን። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ነው፤ ሰው በእነዚህ ነው የኖረው። ሎሚው ለካራሜል የሚሠራው ግን ጣዕም ብቻ አለመሆኑን ከቁጥር 3 ጋር አያይዞ ነገረን። ኮምጣጣው ስኳሩን ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደሚባሉ ሁለት ስኳሮች ይከፍለዋል፤ የተለያዩ ስለሆኑ ሲሰለፉ ይደነቃቀፋሉ፣ መጠጠር ያቅታቸዋል። ስለዚህ በውኃ ለሚሠራ ሰው ከመጀመሪያው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሎሚ ጠብ ያድርግበት፣ መጥበሻውንም ትንሽ ይክደነው፣ እንፋሎቱ ጠርዙን ያጥበዋል። ቁጥር 18 ወደ ዘጌ የሚወስደው ጀልባ ዋጋው ስንት ደረሰ ብሎ ጠየቀ። ይኸው እስካሁን የመለሰለት የለም።

ቁጥር 19 ያለችው ልጅ ሁላችንንም አሳቀችን። ቅቤ ጨምሩ ሲባል ቤት ያለውን ጨመረች፤ ቤት ያለው ደግሞ ኮሰረትና በሶብላ የገባበት የነጠረ የወጥ ቅቤ ነው። ሙዙ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ሸተተ። አባቷ እንጀራ የት አለ ብለው ቀለዱባት። ለጋ ቅቤ ነው የሚባለው፤ ቁጥር 20 ግን ኮረሪማ ብቻ ቢሆን ከሙዝ ጋር ግሩም ነው ብሎ አልረታም አለ። ሞክሬዋለሁ፤ አልተሳሳተም።

እዚህ ላይ የሰኔ ጾም ገባና ንፋሱ ተቀየረ። ቁጥር 21 ቅቤውን በዘይት ብንተካስ ብላ በቅንነት ጠየቀች። ቁጥር 22 በጾም ጣፋጭ መፈለግ ራሱ ጾሙን መሻር ነው፤ ጾም ማለት ሥጋና ወተት መተው ብቻ አይደለም፣ ምላስንም ማስራብ ነው ብሎ ገሠጻት። አነጋገሩ ከመምሬም የከበደ ነበር። ቁጥር 23 ደሙ ፈላ። ሰውዬው ሆቴል ቤት የጾም በያይነቱ ከነአቦካዶው ሲያዝ ምላሱን እንደሚያስርብ ጠየቀው፤ ሌላም ያልጻፍኩት ነገር ጨመረ። ቁጥር 22 ተመልሶ አልመጣም። እኔ ቁጥር 22 ያለውን አልንቀውም፤ አያቴም እንደዚያ ነበር የምታምነው። ነገር ግን ሰው ሲጠይቅ ይመልሱለታል እንጂ አይከሱትም። መልሱ ደግሞ ቀላል ነበር፣ ቁጥር 24 ሰጠው፦ ደረቁ ስኳር ለመቅለጥ ቅባት አይፈልግም። ቅቤው ለጣዕም ነው፣ መተው ይቻላል። የኑግ ዘይት ሽታው ስለሚያይል አይመከርም።

ቁጥር 25 ጀብዱውን ይዞ መጣ። ፈረንጅ በቪዲዮ መጥበሻ ላይ መጠጥ አፍስሶ እሳት ሲያስነሣ አይቶ፣ በዳግም አረቄ ሞከረው። ዳግም አረቄ ከሚፈለገው በላይ ብርቱ ነው። ያውም ከጠርሙሱ በቀጥታ፣ ፊቱን ደፍቶ። ቅንድቡ እንደሄደና ለአንድ ወር ሁልጊዜ የተገረመ ሰው መስሎ እንደኖረ ጻፈ። ሳቅን። ከዚያ ቁጥር 26 የሳቁን በር ዘጋችው፤ የቀለጠ ስኳር እጇ ላይ ፈሶ፣ አማቷ ቅቤ ቀብተውላት፣ ጠባሳው ዛሬም አለ።

ቁጥር 27 ነርስ ነች፤ ከመላሾቹ ሁሉ የተቆጣችው እሷ ነች። የቀለጠ ስኳር ከፈላ ውኃ እጅግ የባሰ ነው፤ ይሞቃል ብቻ ሳይሆን ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ አይፈስም። ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ እንቁላልም እንዳትቀቡ፤ ሙቀቱን ያፍኑታል። ለሃያ ደቂቃ ቀዝቀዝ ያለ ወራጅ ውኃ ሥር መያዝ፣ የተጣበቀውን አለመላጥ፣ ከመዳፍ የሰፋ ከሆነ ወይም ፊት ከሆነ ወደ ጤና ተቋም መሄድ። ቧንቧው ከደረቀ በጀሪካን ያለውን አፍስሱ፣ ለልብስ አትቆጥቡት አለች። ሕፃን ያለበት ቤት ስኳር እየቀለጠ ሳለ ልጁ ማዕድ ቤት አይግባ። ይህን በትልቁ ጻፉልኝ ስላለች ጽፌዋለሁ።

ቁጥር 28 የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ይሆናል ወይ አለ። ያችው ነርስ በረድ ብላ መለሰች። የእኔ አራት ማንኪያ 50 ግራም ገደማ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ጤነኛ ትልቅ ሰው ለቀን ሙሉ ጣሪያ ያደረገው ያንኑ ያህል ነው። ለአራት ሰው ሲከፋፈል ሌላ ነገር ነው፤ ሕመሙ ያለበት ግን ማንጎው ራሱ ስኳር መሆኑን አይርሳ፣ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ቁጥር 29 ካራሜል የሚለውን የባዕድ ቃል ትተን በአማርኛ እንጥራው ብሎ የተቃጠለ ስኳር፣ የጠየመ ስኳር እያለ ደረደረ። አማርኛው እኮ ድሮ ገብቷል፤ ከጣልያን የመጣው ከረሜላ ማለት ያው ቃል ነው። የከረሜላ ማንጎ ብሎ መጥራት ማን ከለከለ? ጠይሙንም ወድጄዋለሁ።

ቁጥር 30 እንደገና እኔ ነኝ። ቅዳሜ ሞከርኩት፣ ጾም ስለሆነ ያለ ቅቤ። ማማሰያውን ለልጄ ሰጥቼ ሳሎን ሄደሽ ያዥልኝ አልኳት፤ እጄ ሁለት ጊዜ ፈለገው። ጠርዙ ቀለጠ፣ መጥበሻውን አዘነበልኩ። ብርዝ፣ ጠጅ፣ ከዚያ ያ ሽታ መጣ፣ ቀይ ሻይ። ማንጎው ሲገባ ጩኾ ድንጋይ ሆነ፤ ልደፋው መጥበሻውን አንሥቼ ነበር። ቁጥር 11 ትዝ አሉኝና መለስኩት። በሁለት ደቂቃ ከሥር መላወስ ጀመረ፣ በሦስተኛው ማንጎው ጠርዝ ጠርዙ ጠይሞ ያብረቀርቅ ነበር። ሎሚ ጨመቅሁበት። ፎቶ አንሥቼ ለእትዬ ላክሁላቸው። ከጾም በኋላ እመጣለሁ ብለዋል።

ቁጥር 31 መጥበሻው ላይ የደረቀውን በምን ላስለቅቅ ይላል። አትፋቁት። ውኃ ሞልታችሁ አፍሉት፤ ስኳር ነውና ይሟሟል። የብረት ከሆነ ግን ወዲያው አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት። እኔ ውኃውን እንዳለ አሳደርኩትና ይኸው ዝጓል።